እሺ ካለች በኋላ

እንኳን ደስ ያላችሁ! ቀለበቱ ጣቷ ላይ ገብቷል፤ ልኩም ብዙ አልሳተም። ሬስቶራንቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አጨብጭቧል፤ አስተናጋጁም «ኬኩ በእኛ ነው» ብሎ አቅርቦ ሲያበቃ ሒሳቡ ላይ ደምሮታል። አሁን ታክሲ ውስጥ ተጠጋግታችሁ ተቀምጣችሁ «ሠርጋችን እንዴት ይሁን?» እየተባባላችሁ ነው። የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሰባት ጊዜ ሚዜ ሆኛለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ራሴ ሙሽራ ሆኜ ተቀምጫለሁ፤ ስለዚህ ስምንት ሠርግ በቅርብ ያየ ሰው ነው የሚመክራችሁ። አንደኛው ምክሬ፣ «ሠርጋችን» የምትለዋን ቃል ከዛሬ ማታ ጀምራችሁ ተዉአት። አፍ ከለመደ ወዲያ ለመተው ይቸግራል።

ሁለተኛው ዝም ማለት ነው። ቢያንስ ለሁለት ቀን ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ። ስለዚህ ሠርግ እናንተ የምትወስኑት በእነዚህ ሁለት ቀናት ብቻ ስለሆነ በሚገባ ተጠቀሙባቸው። አበባው ምን ዓይነት ይሁን፣ ዲጄ ነው ወይስ ባንድ፣ ስንት ሰው ይጠራ፣ ሁሉንም ተስማሙበት። በወረቀት ጻፉት፤ ፈርሙበት፤ መሳቢያ ውስጥ ቆልፉበት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቡና እየጠጣችሁ አውጥታችሁ ስታነቡት እንዲህ የሚያስቅ ጽሑፍ አታገኙም። የእኛው ወረቀት እስካሁን አለ። በባለቤቴ ቆንጆ እጅ ጽሑፍ «እንግዳ፦ 80 ሰው። ከዚህ አንድም አይጨመርም» ይላል። «አንድም» የምትለዋ ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል።

ፎቶውን ቶሎ ብላችሁ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉት። የልጅቷ አባት የልጃቸውን መታጨት ከስልክ መስማት የለባቸውም። የእናቶቹ ነገር አያስጨንቃችሁ፤ እነሱ ሰምተዋል። እንዴት እንደሚሰሙ እስካሁን የደረሰበት የለም። እኔ ቀለበት ያደረግሁላት ግንቦት ላይ ነው፤ እናቴ የሠርጉን በርበሬ ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ አስፈጭታ በማዳበሪያ ያስቀመጠችው ኅዳር ላይ ነው። «የምን በርበሬ ነው ይሄ ሁሉ?» ብያት ነበር ያኔ። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ከሚባል ሞት ይሻላል» ብላኝ ዝም አለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔም በርበሬ ልትነግድ ያሰበች መስሎኝ አለፍሁ።

ሁለቱ ቀን ካለፈ በኋላ የሚመጣው ነገር ለውጭ ሰው ለማስረዳት ይቸግራል። ልጅቷ ተጠይቃለች፤ እሺ ብላለች፤ ቀለበት አድርጋለች። ስለዚህ አሁን ልጅቷ መጠየቅ አለባት። ሽማግሌ ይላካል።

ሽማግሌ ሲመረጥ ሦስት ነገር ይታያል፤ ሽበት፣ አንደበትና መኪና። ሦስቱም አንድ ሰው ላይ አይገኙም፤ ሦስት ሰው የሚላከውም ለዚህ ይመስለኛል። ከሦስቱ አንዱ የልጅቷን አባት በአካል የማያውቅ ቢሆን ደግ ነው። አንድ ሰው እንኳ የእውነት እንግዳ መምሰል አለበት።

የእኔ ሽማግሌዎች የገቡበትን ሁኔታ የነገረችኝ የዛሬዋ ባለቤቴ ናት። ጓዳ ሆና በበሩ ስንጥቅ ታይ ነበር። ሦስቱም ከሱፍ ኮታቸው ላይ ነጭ ጋቢ ደርበው ገቡ። አባቷ «ግቡ፣ አረፍ በሉ» አሉ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሽማግሌዎቹ። «ኧረ ቤት ለእንግዳ!» «የለም፣ ቆመን ነው የምንናገረው።» ይህ እንግዲህ ወጉ ነው። ችግሩ አንደበተኛው ሽማግሌያችን ነገሩን ከፍጥረት መጀመራቸው ነው። አዳም ብቻውን ይኖር ዘንድ መልካም እንዳልሆነ ተናገሩ። ቀጥለው ወደ አብርሃም ዘመን ተሻገሩና ሎሌውን ለይስሐቅ ሚስት ፍለጋ እንዴት እንደላከው ተረኩ፤ በእሳቸው አስተያየት የመጀመሪያው ሽማግሌ እሱ ነው። ጉልበቱን የሚያመው አጎቴ አዳም ላይ ቆሞ ነበር፤ አብርሃም ላይ ግድግዳ ተደገፈ፤ ርብቃ እንስራዋን ይዛ ወደ ጉድጓዱ ስትወርድ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። «ልጅዎን ለልጃችን» እስኪባል አልጠበቀም።

አባቷ በጣም ተገረሙ። «ልጁ ማን ነው? የማን ልጅ ነው? ሥራውስ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ከሁለት ዓመት በላይ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጣሪያቸው ላይ ወጥቼ ዲሻቸውን የማስተካክለው እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት የታረደውን በግም የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ደውለው «ጠቦት እንዳታመጣብኝ» ያሉኝም እሳቸው ናቸው። ቢሆንም ተገረሙ። «እስቲ እንመካከርበት፤ ልጅቷም ትጠየቅ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ብቅ በሉ» ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ልጅቷ በስንጥቁ እያየች ትሥቃለች።

ቀጠሮው እንዳያስቀይማችሁ። በአንድ ቀን እሺ ያለ አባት ልጁ የሰለቸችው ነው የሚመስለው። ሁለቱ ሳምንት ሰባት ቤት ለመቁጠርም ይጠቅማል። እስከ ቅድመ አያት ያለውን ሁሉም ሰው ይቆጥራል፤ ምንጅላት ላይ ሲደረስ ግን ቤተሰብ ለሁለት ይከፈላል። በእኛ ቤት ሁለት አክስቶቼ የአንድ ቅም አያት ስም ላይ ተጣልተው ለአንድ ወር አልተነጋገሩም። ሁለቱም የሚሉት ስም የእጮኛዬ ዘር ውስጥ አልነበረም፤ ጠቡ ለክብር ነበር። ይህን ቆጠራ ከቀለበቱ በፊት ብታስጨርሱት ይበጃችሁ ነበር፤ አሁን ግን ረፍዷል፤ ጸልዩ።

ከዚህ ቀጥሎ ቀን ይቆረጣል። ቀን የሚቆርጡት ሦስት አካላት ናቸው፤ ጾም፣ አዳራሽና አሜሪካ ያለችው አክስት። እናንተ አራተኛ ናችሁ፤ በታዛቢነት።

ወሮቹን አብረን እንቁጠራቸው። መስከረም ላይ ሰው ለትምህርት ቤት ከፍሎ፣ ዕንቁጣጣሽንና መስቀልን ተወጥቶ ኪሱ ታጥቧል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ጽጌ ነው። የፈቃድ ጾም ነው ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው፤ አያታችሁ ግን ፈቅደዋል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባና እስከ ገና ይዘልቃል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይወስዳል። ከፋሲካ በኋላ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ሰፊ ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ጥር ላይ አዳራሽ ያጣው ሁሉ እዚያ ይጠብቃችኋል። ከጰራቅሊጦስ ማግስት የሐዋርያት ጾም ይገባና ሐምሌ 5 ይፈታል። ነሐሴ 1 ፍልሰታ እስኪገባ ድረስ ያሉት ሳምንታት ባዶ ናቸው። ባዶ የሆኑበትን ምክንያት ማወቅ የሚፈልግ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ድንኳን ይትከል። ቬሎ ጭቃ ከነካው በኋላ የሚያስለቅቀው ላውንደሪ አላየሁም።

የቀረው ጥር ነው። ከጥምቀት ማግስት እስከ ቅበላ ያለችው ጊዜ የአገሩ እጮኛ ሁሉ የሚጋፋባት ጠባብ በር ናት። የበሩን ስፋት የሚወስነው ደግሞ ፋሲካ ነው። 2018 ዓ.ም. ላይ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለነበረ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ገባ፤ ከጥምቀት በኋላ የተረፈው አራት ቅዳሜና አራት እሑድ ብቻ ነበር። የ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ላይ ስለሚውል ጾሙ የሚገባው የካቲት 29 ነው፤ ሰባት ቅዳሜና ሰባት እሑድ ይገኛል። ከሠርግ አዘጋጅ በፊት ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ዲያቆን ፈልጉ የምለው ለዚህ ነው። ክፍያውም ይቀላል።

አንድ ሙስሊም ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ስነግረው አዘነልኝ። «እኛ ረመዷንን ማለፍ ብቻ ነው፤ ኒካሁ ሳሎን ውስጥ ያልቃል» አለ። ቀናሁበት። ዘመዶቹ ከመጡ በኋላ ግን እሱም 600 ሰው ጠራ።

አዳራሽ ስትሄዱ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። «ለጥር ፈልገን ነበር» ስትሉ፣ ሰውየው ትልቁን መዝገብ ሳይገልጥ «የየትኛው ዓመት?» ይላችኋል። እየቀለደ አይደለም። ንስሐ አባታችሁን ሳታነጋግሩ ቀብድ እንዳትከፍሉ፤ ቀብድ ሳትከፍሉ ደግሞ ንስሐ አባታችሁን እንዳታነጋግሩ፤ ሁለቱ የሚሰጧችሁ ቀን አይገጥምም። መፍትሔው ሁለት ሆኖ መሄድ ነው፤ አንደኛው ደጀ ሰላም፣ ሌላኛዋ አዳራሹ ቢሮ ሆና በስልክ እየተነጋገሩ። እኛ ያገኘነው በዚህ ዘዴ ነው፤ «16 አለ?» «16 የለም፤ 23 በላቸው» እየተባባልን፣ ልክ እንደ መርካቶ ደላላ።

የአሜሪካዋ አክስት ቀን አትጠይቅም፤ ቲኬት ቆርጣ ትደውላለች። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ተፈቅዶላታል። ከዚህ ከ46 ኪሎ ውስጥ ቬሎው ስምንቱን ይወስዳል፤ የቀረው ቫይታሚን ነው። እሷን አለማስቀየም ዋነኛ ሥራችሁ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ቀለል ያለ ሠርግ ነው የምንፈልገው» ብላችኋል፤ ሰምቻለሁ። ሁላችንም ብለናል። ግን «ቀለል ያለ» የሚለው ቃል በእናንተ ቋንቋ 80 ሰው ማለት ሲሆን በእናቶቻችሁ ቋንቋ ባንድ የሌለበት ማለት ነው። ይህን የትርጉም ልዩነት ቀድሞ ያልተረዳ እጮኛ ብዙ ይንገላታል።

እኔ የተረዳሁት አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። በኩራት 80 ስም የያዘች ወረቀቴን ለእናቴ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፤ «ጥሩ ነው፤ ይኼ የእናንተ ነው» አለችና አጣጥፋ ሙዳይ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከአልጋዋ ሥር ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር አወጣች። ጠርዙ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ውስጡ ላይ የዘይት ነጠብጣብ አለ። የዕድር ደብተር መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

እያንዳንዱ መስመር የሰው ስም፣ ዓመተ ምሕረትና አንድ ሥራ አለው። የታችኛው ቤት ሴትዮ፣ የትልቋ ልጃቸው ሠርግ፣ 1994፦ «ሦስት ቀን ሽንኩርት፤ አንድ ጋን ጠላ»። የባልትና ቤቷ፣ የወንድ ልጇ ክርስትና፣ 1997፦ «ዶሮ መገነጣጠል፣ 14»። አሥራ አራቱ ዶሮ በእናቴ እጅ ነው የተገነጣጠለው፤ እያንዳንዱም አሥራ ሁለት ብልት፤ ቁጥሩን አልረሳችውም። እንዲህ እያለ ገጽ በገጽ ይወርዳል።

«ይቺን ሴትዮ እኮ አላውቃትም» አልኋት፣ አንዱ ስም ላይ ጣቴን አድርጌ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ሠርጉ የእኔ አይደል እንዴ?»

«እኔ ለሦስት ቀን ዓይኔ እስኪጠፋ ሽንኩርት ከትፌላታለሁ። ብድሯን ሳትመልስ ትሙት?»

ውድ እጮኞች፣ የነገሩ ሥር ይኼ ነው። የምትጠራው ሴትዮ እናንተን ልታይ አይደለም የምትመጣው፤ ምናልባት የሙሽራውን ስም ሳታውቅ ትሄድ ይሆናል። የምትመጣው ዕዳ ልትከፍል ነው። «ብድሬን ለመመለስ ያብቃኝ» ስትል ኖራለች፤ አሁን በቅታለች። እናንተ «ቀለል ያለ» ብላችሁ ስሟን ስትሰርዙ ባለዕዳ ዕዳውን እንዳይከፍል እየከለከላችሁ ነው። ይህን ደግሞ እንኳን እናታችሁ፣ ባንክም አይቀበለውም። ሙሽራና ሙሽሪት ማለት የ20 እና የ30 ዓመት ሒሳብ የሚዘጋበት ቀን ላይ በጥሩ ልብስ ከፊት የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። ይህን አምናችሁ ከተቀመጣችሁ ወንበሩ ይመቻል።

ስለዚህ ስም አታሰርዙ። ይልቅ ደብተሩን ድምፅ አውጥታ እንድታነብላችሁ ጠይቋት። እኔ ያንን ያደረግሁት ለክርክር ማስረጃ ልፈልግ ብዬ ነበር። አንድ ገጽ መሐል ላይ ግን ከሌላው የተለየ መስመር አገኘሁ፤ የሰጠችው ሳይሆን የተቀበለችው ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ ነው። «40 ቀን እንጀራ። አንድም ቀን አልቀረችም» ይላል፤ ከጎኑ ያላወቅኋት ሴትዮ ስም። ሠርግና ሞት አንድ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ድንኳኑ ያው ድንኳን፣ አግዳሚው ያው አግዳሚ፣ ብረት ድስቱም ያው የዕድሩ ብረት ድስት ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ሴትዮዋን በቤተሰቧ በሙሉ ጠራናት። ከነልጆቿ ዘጠኝ ሆነው መጡ።

የእናንተ ደብተር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በዚያ በኩልም ደብተር አለ። ሁለቱ እናቶች ለዚህ ጉዳይ የተገናኙት እኛ ቤት፣ ቡና ላይ ነው። አቦል ሲጠጣ ከእኛ 200፣ ከእነሱ 200 ተባለ፤ በጣም ተከባበሩ። ቶና ላይ አማቴ የእጮኛዬን አባት አገር ሰዎች አነሡ፤ ለየብቻ 280 ሆነ። በረካ ላይ እናቴ የዕድሩን ነገር ጠቀሰች። የዕድር አባል ተመርጦ አይጠራም፤ ድንኳኑን እያበደሩህ «አንተ ና፣ አንተ ቅር» አይባልም። ስኒው ሲታጠብ 700 ደርሰናል። እኔና እጮኛዬ ከዳር ተቀምጠን ፈንዲሻ እንበላ ነበር። «80 ይበቃል ብለን ነበር» አለች እሷ፣ በለሆሳስ። ሁለቱም ዞር ብለው አዩአት፤ ምስኪን፣ በሚል ዓይን።

ገንዘብን በተመለከተ ብዙ አልልም። ያሰባችሁትን በሁለት አባዙት፤ ከዚያ ዕቁብ ግቡ፤ ዕጣው በጊዜ እንዲወጣላችሁ ዳኛውን አክብሩ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ፣ ቬሎውም ሽቶውም ሻምፓኙም፣ ዋጋው ሲጠየቅ አንገት ያስደፋል። ወርቅ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ለነገ አትበሉ። ባለሱቁ «የዛሬው ዋጋ ነው» ሲል ማስፈራሪያ አይደለም፤ መረጃ ነው።

ወርቁን ካነሣን ጥሎሹን በጥንቃቄ ፈትሹ። ጥሎሽ እንደ ሌላው ስጦታ ተጠቅልሎ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ሻንጣው በሰው ፊት ይከፈታል፤ ሚዜው ዕቃውን አንድ በአንድ ከፍ አድርጎ እያሳየ ይጠራል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ አክስቶች በልባቸው ይመዝናሉ። የእኔ ሚዜ ቀሚሱን አሳየ፤ እልልታ። ሐብሉን አሳየ፤ የበለጠ እልልታ። ጫማውን ከሳጥኑ አውጥቶ ሁለቱን በሁለት እጁ ከፍ ሲያደርግ ግን እልልታው መሐል ላይ ቀጥ አለ። ሁለቱም የግራ እግር ነበሩ። ሱቁን አልወቅስም፤ ሳልከፍት የገዛሁት እኔ ነኝ። የሙሽሪት ትልቅ አክስት ዝምታውን የሰበሩት «ምን ይደረግ፤ በግራ ጎኗ ተኝታ ትነሣ ይሆናላ» ብለው ነው። እስከ ዛሬ ስሜን አይጠሩም፤ «ባለግራው» ነው የሚሉኝ።

ሚዜን የምትመርጡት በጓደኝነት ከሆነ ተሳስታችኋል። ንጋት 11 ሰዓት ሲደወልለት የሚነሣውን ምረጡ። በር ላይ የሙሽሪት ወገን እየዘፈነ አላስገባም ሲላችሁ ሳይገፋ፣ ሳይኮራ፣ ቀልዶ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋችኋል። ሽቶውን ቤቱ ላይ ሲረጭ ደግሞ የአማትን ዓይን የማይስት ሳይሆን የሚስት ይሁን። ቁጥራቸውንም ቀንሱ፤ አምስት ሚዜ ማለት አምስት ሱፍ ነው። ሁሉም ያንኑ ሰማያዊ ሱፍ ሲለብሱ ሌላ መዘዝም አለው። አንድ የጥር ቅዳሜ እንጦጦ ፓርክ ፎቶ ልንነሣ ወጥተን ሙሽሮች ተሰልፈው ነበር፤ እኔ የቬሎ ጅራት ይዤ፣ ሽቅብ ሽቅብ እያልሁ ግማሽ መንገድ ከሄድሁ በኋላ ሙሽሪት ዞር ስትል የማላውቃት ሴት ሆና አገኘኋት። እሷም አላወቀችኝም፤ ግን «ቀጥል፣ ደርሰናል» አለችኝ።

ሁሉም የሚረሳት ነገር ወረቀቷ ናት። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊትም ተጋቡ፣ በሃይማኖታችሁም፣ በባህላችሁም፣ ጋብቻውን ያውቅላችኋል፤ የትኛውም ቢሆን ግን መመዝገብ አለበት። እኛ ካሜራ፣ ዲኮር፣ ኬክ፣ ፈረስ ሁሉ ስናስብ ይህችን ረስተን ከሠርጉ በኋላ ወረዳ ሄድን። ሲስተም የለም ተብለን ተመለስን። ሲስተም ሲመጣ ምስክር ተጠየቀ፤ ከእሷ ወገን ሁለት፣ ከእኔ ወገን ሁለት፣ መታወቂያቸው ያላለፈበት። 700 ሰው ሥጋችንን በልቷል። ማክሰኞ ጠዋት መታወቂያ ይዞ ወረዳ የሚመጣ አራት ሰው አጣን። አንዱ ስብሰባ አለኝ አለ፤ አንዱ ገና ራሱን እያመመው ነበር። መዝጋቢዋ ሁለታችንን ብቻችንን ወንበር ላይ ስታየን አዘነችና «ምነው፣ ዘመድ የላችሁም እንዴ?» አለችን። በመጨረሻ የመጡት የታችኛው ቤት ሴትዮ ናቸው፤ ልጃቸውንና ሁለት ጎረቤት አስከትለው። ከባለቤቴ ወገን የፈረሙት ሁለቱ እሷን አይተው የሚያውቁት በሠርጉ ቀን ብቻ ነው።

መልሱም ቅልቅሉም አልፎ፣ የተበደርነው ወንበር ተቆጥሮ ተመልሶ (ሁለት ጎድሏል፤ እስካሁን እየተፈለገ ነው)፣ እናቴ እስክሪብቶ ይዛ ደብተሩ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ዋለች። የተከፈለውን በአንድ ሰያፍ መስመር ትሰርዛለች፤ ስትሰርዝ ስሙን ጮክ ብላ ታነባለች። ከጨረሰች በኋላ አዲስ ገጽ ገለጠችና ከላይ የእኔንና የባለቤቴን ስም ጻፈች። ከሥሩ ወደ እኛ ሠርግ የመጡት ተደረደሩ፤ ማን ወጥ ሠራ፣ ማን እንጀራ ጋገረ፣ ማን እስከ ሌሊት ዕቃ አጠበ። ባለቤቴ አጠገቧ ተቀምጣ የመሥሪያ ቤቷን ሰዎች ስም ታስጽፍ ነበር። ደብተሩን ዘግታ የሰጠችውም ለእሷ ነው፤ አሁን ያለው ከእኛ አልጋ ሥር ነው።

ባለፈው ሐሙስ ገና ጎሕ ሲቀድ ባለቤቴ ልብሷን ለብሳ ኩሽና ውስጥ ስትንጎዳጎድ ነቃሁ። የታችኛው ቤት ሴትዮ የልጅ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። «የስንት ቀን ነው?» አልኋት። «የሦስት» አለች። ከመሳቢያው የራሷን ቢላዋ አውጥታ በአውራ ጣቷ ስለቱን አየችና በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው።

«እዚያ እኮ ቢላዋ አይጠፋም» አልኋት።

«የሰው ቢላዋ ዱልዱም ነው» ብላ ወጣች።